ለዋይፋይ ሲባል የሙከራ ከርነል መጫን ያስፈልጋልን?

የቀረበው ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ድሬዳዋ ሳቢያን ውስጥ የጽሕፈትና የኮፒ አገልግሎት የሚሰጡ ጠያቂ ታይዋን ተብሎ ከሚጠራው የከተማው ገበያ አዲስ ላፕቶፕ ገዝተው፣ አብሮት ከመጣው ዊንዶውስ 11 ጎን ኡቡንቱ 22.04 የተባለውን የሊኑክስ ሥርዓት ከአንድ ወዳጃቸው በተዋሱት ፍላሽ ጭነዋል። ድምፁም፣ ስክሪኑም፣ ፕሪንተሩም ሲሠራ ዋይፋዩ ግን ጭራሽ አይታይም። «ዩኔም -አር» የሚለው ትዕዛዝ ከርነሉ፣ ማለትም ዕቃዎቹንና ፕሮግራሞቹን የሚያገናኘው የሥርዓቱ እምብርት፣ 5.15 መሆኑን ይናገራል፤ «ኤልኤስፒሲአይ -ኤንኤን» ደግሞ መለያ ቁጥሩ 10ኢሲ:ቢ852 የሆነ የሪልቴክ ካርድ እንዳለ ያሳያል። ወዳጃቸው «ገና በሙከራ ላይ ያለውን አዲሱን ከርነል ጫንበት፣ ያኔ ይሠራል» ብሏቸዋል። የሱቁ ሒሳብና የደንበኞች ሰነድ በዚሁ ላፕቶፕ ላይ ስለሆነ፣ ምንም ሳይበላሽ ይህን ማድረግ ይቻል እንደሆነ ይጠይቃሉ።

በመጀመሪያ መልሱን ላስቀምጥ። የሙከራ ከርነል መጫን ይቻላል፤ ጥንቃቄ ከታከለበትም አሮጌውን ሳይነኩ ሊሞከር ይችላል። ለእርስዎ ችግር ግን አያስፈልግም። በዚያ መለያ ቁጥር የሚታወቀው ካርድ ሪልቴክ 8852ቢኢ ሲሆን፣ በዋናው የሊኑክስ ከርነል ውስጥ «አርቲደብሊው89» በተባለው ድራይቨር (ከርነሉ ካርዱን በሚያዝበት ኮድ) ድጋፍ ያገኘው በስሪት 6.2 ነው። ስሪት 6.2 የወጣው እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 ስለሆነ ጉዳዩ ሙከራነቱ ካበቃ ቆይቷል። ከ6.2 በላይ የሆነ ማንኛውም የተረጋጋ ከርነል ይበቃዎታል፤ ኡቡንቱ 22.04 ራሱም ለአዳዲስ ማሽኖች ብሎ በሚያቀርበው መስመር በኩል 6.8ን ይሰጣል። ወዳጅዎ ከርነሉ ማርጀቱን በትክክል አይቷል፤ መድኃኒቱን ግን ሩቅ ሄዶ ፈልጓል። ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚባለው እንዲህ ያለው ነው።

ታዲያ 6.8 ለምን በራሱ አልመጣም? የኡቡንቱ ዴስክቶፕ ጭነት በተለመደው ሁኔታ አዳዲሶቹን ከርነሎች ራሱ እየተከታተለ ያወርዳል። የእርስዎ ፍላሽ ግን የ22.04 የመጀመሪያው ቅጂ ይመስላል፤ ዋይፋይ ስለሌለውም ላፕቶፑ ከተጫነ ጀምሮ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ፍላሹ ላይ በነበረው ከርነል ቆሟል። ዋይፋይ እንዲሠራ ኢንተርኔት ያስፈልጋል፣ ኢንተርኔት እንዲገኝ ደግሞ ዋይፋይ። ይህን አዙሪት የሚሰብረው ስልክዎ ነው። ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ ጋር ያገናኙና በስልኩ የኔትወርክ ቅንብር ውስጥ የዩኤስቢ ቴተሪንግን፣ ማለትም የስልኩን ኢንተርኔት በገመድ ማጋራትን፣ ያብሩ። ኡቡንቱ ስልኩን እንደ አንድ ባለገመድ የኔትወርክ ካርድ ያየዋል፤ ለዚህ የሚያስፈልገው ድራይቨር በ5.15 ውስጥም አለ። ስልኩ የሱቁን ዋይፋይ ይዞ ከሆነ በብዙ ስልኮች ላይ ያንኑ ያስተላልፋል፤ አለበለዚያ የሞባይል ዳታ ይጠቀማል። ከሚወርዱት ውስጥ የፈርምዌሩ (የካርዱ የራሱ ፕሮግራም) ፓኬጅ ብቻውን በመቶ ሜጋባይቶች የሚቆጠር ስለሆነ በቂ ዳታ ሳይኖር አይጀምሩ።

ትዕዛዞችን እዚህ በድምፃቸው እጽፋለሁ፤ ተርሚናል በተባለው የትዕዛዝ መስኮት ላይ ሲተየቡ ግን በትንንሹ የላቲን ፊደል ነው። መጀመሪያ «ሱዶ አፕት አፕዴት» ይበሉ። ቀጥሎ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ሊኑክስ-ጄነሪክ-ኤችደብሊውኢ-22.04 ሊኑክስ-ፈርምዌር» ይበሉ። ሙሉ ማዘመኑን ዳታ ሲኖርዎት ያደርሱታል፤ ለአሁኑ እነዚህ ሁለቱ ይበቃሉ። ሁለተኛውን ፓኬጅ የጨመርኩት አለምክንያት አይደለም። ድራይቨሩ በከርነሉ ውስጥ ያለው ኮድ ሲሆን፣ ፈርምዌሩ ደግሞ ካርዱ በተነሳ ቁጥር ወደ ካርዱ የሚጫነው የካርዱ የራሱ ፕሮግራም ነው፤ አንዱ አዲስ ሆኖ ሌላው ካረጀ ካርዱ ይታያል እንጂ አይሠራም። ብዙ ሰው ከርነል ቀይሮ «አሁንም እንቢ አለ» የሚለው ይህን ሁለተኛውን ስለሚረሳ ነው። ማሽኑን እንደገና ሲያስነሱ «ዩኔም -አር» በ6.8 የሚጀምር ቁጥር ማሳየት አለበት። ይህ ከርነል በኡቡንቱ አዘጋጅ ኩባንያ በካኖኒካል የተፈረመ በመሆኑ ሴኪዩር ቡትን፣ ማለትም ያልተፈረመ ከርነል እንዳይነሳ የሚከለክለውን የማሽኑን ጥበቃ፣ ማጥፋት አይጠይቅም፤ ወደፊትም የደኅንነት ማስተካከያዎችን ያገኛል።

ጥያቄዎ ግን ስለ ሙከራው ከርነልም ነበረና፣ ያ ነገር ምን እንደሆነ መናገር ይገባኛል። ከዓመታት በፊት በመካከለኛው ቁጥር ጎዶሎ የሆነው ከርነል የሙከራ፣ ሙሉ የሆነው የተረጋጋ ይባል ነበር፤ 2.5 የሙከራ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 የወጣው 2.6 ደግሞ የተረጋጋ ነበር። ያ ልማድ ከዚያ ወዲህ ቀርቷል፤ አሁንም ድረስ ሲነገር ስለምሰማው ነው ማንሳቴ፤ የእርስዎ 5.15 ራሱ ቁጥሩ ጎዶሎ ሆኖ ለረጅም ጊዜ ድጋፍ የተመረጠ ነው። በአሁኑ አሠራር የሊኑክስ ከርነል ጀማሪና መሪ ሊነስ ቶርቫልድስ አንድን ስሪት ካወጣ በኋላ አዲስ ኮድ የሚገባበት የሁለት ሳምንት ጊዜ ይከፈታል። በሩ ሲዘጋ አርሲ1 የተባለው የመጀመሪያው እጩ ይወጣል፤ ከዚያ ወዲያ ማስተካከያ ብቻ እየተጨመረ በየእሑዱ ተከታዩ እጩ ይወጣና፣ አብዛኛውን ጊዜ ከአርሲ7፣ አንዳንዴም ከአርሲ8 በኋላ ዋናው ስሪት ይታወጃል። ዙሩ በጠቅላላው ዘጠኝ ወይም ዐሥር ሳምንት ይፈጃል። እንግዲህ «የሙከራ ከርነል» ሁሉ አንድ አይደለም። አርሲ1 በሺዎች የሚቆጠሩ ለውጦች ገና አንድ ላይ የተደባለቁበት ሲሆን፣ አርሲ6 ወይም አርሲ7 ደግሞ ለዋናው የቀረበ ነው። ሰው መሞከር ካማረው ወደ ኋለኞቹ ያዘንብል።

አደጋው የወሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 መጀመሪያ የ5.12 አርሲ1 በወጣ በጥቂት ቀናት ውስጥ፣ የስዋፕ ፋይል (ማስታወሻው ሲሞላ ትርፉ በዲስክ ላይ የሚቆይበት) በሚጠቀሙ ማሽኖች ላይ ከርነሉ የማስታወሻ ገጾችን ወደ ስዋፕ ፋይሉ ሳይሆን ወደ ዲስኩ ክፍልፋይ መጀመሪያ አካባቢ እንደሚጽፍ ተደረሰበት። የክፍልፋዩ መጀመሪያ የፋይል ሥርዓቱ ዋና መዝገቦች ያሉበት ስለሆነ ውጤቱ የዲስኩ መበላሸት ነበር። ቶርቫልድስ ሰው እንዳይጠቀምበት የስሪቱን ስም «አትጠቀሙ» በሚል ቅጥያ ቀይሮ፣ አርሲ2ን እሑድን ሳይጠብቅ በዓርብ አወጣው። ይህ እርስዎን የሚመለከትበት ምክንያት አለ፦ ኡቡንቱ ከ17.04 ጀምሮ በነባሪነት የሚያዘጋጀው ስዋፕ ክፍልፋይ ሳይሆን ፋይል ነው። ያን ሳምንት አርሲ1ን የጫነ የኡቡንቱ ተጠቃሚ በቀጥታ የዚህ ስህተት ሰለባ ሊሆን ይችል ነበር። በተረጋጋው መስመርም ቢሆን ክፉ ቀን አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2023 በ6.1.64 ውስጥ ኤክስት4 በተባለው የፋይል ሥርዓት ላይ ያሉ ፋይሎችን የሚያበላሽ ስህተት ተገኝቶ፣ ዴቢያን የተባለው ሌላ የሊኑክስ ሥርዓት 12.3ን ማውጣቱን አቁሞ ወዲያው 12.4ን አውጥቷል። ልዩነቱ በተረጋጋው መስመር እንዲህ ያለው ብርቅ ሲሆን፣ በአርሲ መስመር ግን መሞከሩ ራሱ የሚደረገው እንዲህ ያለውን ለማግኘት መሆኑ ነው።

ይህን ሁሉ አውቀው፣ በእውቀት ፍላጎትም ይሁን ከ6.8 በኋላ ብቻ ድጋፍ ባገኘ ሌላ ዕቃ ምክንያት መሞከር ከፈለጉ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ሒሳቡንና የደንበኞችን ሰነድ ወደ ውጭ ዲስክ ይገልብጡና ዲስኩን ነቅለው መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡት። ያልተሰካ ዲስክ ምንም ዓይነት ከርነል አይነካውም። በዚያው ላፕቶፕ ሌላ ፎልደር ውስጥ የተቀመጠ ቅጂ፣ ከላይ እንዳየነው ያለ ስህተት ቢደርስ፣ ከዋናው ጋር አብሮ ይጠፋል። በዊንዶውስ በኩል ደግሞ ቢትሎከር የተባለው የዲስክ መቆለፊያ በርቶ እንደሆነ ይመልከቱ፤ በርቶ ከሆነ ባለ48 አኃዙን የመልሶ ማግኛ ቁልፍ በወረቀት ላይ ይጻፉት። ሴኪዩር ቡት ሲጠፋ ዊንዶውስ ይህንኑ ቁልፍ ሊጠይቅ ይችላል፤ ቁልፉ በእጅዎ ከሌለ የዊንዶውሱ ፋይሎች ተቆለፉ ማለት ነው።

የኡቡንቱ የከርነል ቡድን የዋናውን መስመር ከርነሎች፣ አርሲዎቹን ጨምሮ፣ በፓኬጅ መልክ አዘጋጅቶ ያስቀምጣል። እነዚህ የኡቡንቱ የራሱ ማስተካከያዎች የሌሉባቸው፣ ያልተፈረሙና ድጋፍ የማይሰጥባቸው ናቸው፤ የተዘጋጁትም ስህተት ከየት እንደመጣ ለመለየት ነው። ከኤኤምዲ64 ፎልደር ውስጥ «ጄነሪክ» የሚል ስም ያላቸውን የኢሜጅና የሞጁልስ ፓኬጆች አውርደው፣ ሳይበላሹ መውረዳቸውን ለማየት ከቼክሰም ፋይሉ ጋር ያመሳክሩ። በ22.04 ላይ የሄደርስ ፓኬጁ ብዙ ጊዜ እንቢ ይላል፤ የአዳዲሶቹ ሄደርስ የተጠናቀሩት ከ22.04 የሊብሲ (ፕሮግራሞች ሁሉ የሚደገፉበት መሠረታዊ የኮድ ስብስብ) ስሪት፣ ማለትም ከ2.35፣ በላይ በሆነው ነውና። ይህ እንዲያስደነግጥዎ አልፈልግም፦ ያለ ሄደርስ ከርነሉ ይነሳል፤ የማይሆነው ከውጭ የሚጨመሩ ሞጁሎችን (ለከርነሉ የሚታከሉ የኮድ ክፍሎችን)፣ ለምሳሌ የኤንቪዲያን ወይም የቨርቹዋልቦክስን፣ ማጠናቀር፣ ማለትም ከምንጭ ኮድ ወደሚሠራ ፕሮግራም መለወጥ፣ ብቻ ነው። አንዳንዱ ሰው ይህችን ሄደርስ ለማስገባት ሲል የ24.04ን የፓኬጅ ምንጭ በ22.04 ላይ ይጨምራል። ይህ በጭራሽ መደረግ የሌለበት ነገር ነው፤ ሊብሲ ከተቀየረ ከርነሉ ብቻ ሳይሆን ጠቅላላው ሥርዓት ግማሽ እዚህ ግማሽ እዚያ ይሆናል።

ፊርማ ስለሌለው፣ ሴኪዩር ቡት በበራበት ማሽን ላይ ግራብ የተባለው ሥርዓቱን የሚያስነሳ ፕሮግራም ይህን ከርነል አያስነሳውም፤ የፊርማው ስህተት እንዳለ ነግሮ ወደ ምርጫው ይመልስዎታል። መንገዱ ሁለት ነው። ሴኪዩር ቡትን ከማዘርቦርዱ ቅንብር ለጊዜው ማጥፋት ቀላሉ ነው። የራስን ቁልፍ ፈጥሮ «ሞክዩቲል» በተባለው መሣሪያ ማስመዝገብና ከርነሉን በዚያ መፈረም ደግሞ ንጹሑ ነው፤ ሆኖም ለአንድ ቀን ሙከራ ያን ያህል መድከም ተገቢ አይመስለኝም።

ከሁሉ በላይ ልብ ማለት የሚገባው ቀጥሎ ያለው ነው። አዲስ ከርነል ሲጫን አሮጌው አይጠፋም፤ ሁለቱም ቡት በተባለው ቦታ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ይሁን እንጂ ግራብ ቁጥሩ ከፍ ያለውን አስቀድሞ ስለሚያሰልፍ፣ የሙከራው ከርነል እርስዎ ሳይመርጡት ነባሪ ይሆናል። ማሽኑ በተነሳ ቁጥር በእርሱ ይነሳል፤ ሳይነሳ ከቀረም እያጠፉ ማብራቱ ወደዚያው ይመልስዎታል። ስለዚህ ከመጫንዎ በፊት «/ኢቲሲ/ዲፎልት/ግራብ» የተባለውን ፋይል ከፍተው የ«ግራብ_ዲፎልት»ን ዋጋ «ሴቭድ» ያድርጉት፤ የምርጫው ገጽ ለዐሥር ሰከንድ ያህል እንዲቆይም ጊዜውን ያስተካክሉ፤ ከዚያ «ሱዶ አፕዴት-ግራብ» ይበሉ። ቀጥሎ «ግራብ-ሴት-ዲፎልት» በሚለው ትዕዛዝ 6.8ን ቋሚ ነባሪ ያድርጉ። ከርነሉን በተራ ቁጥር ሳይሆን በሙሉ ስሙ ይጥቀሱት፤ ስሙም የሚጀምረው «አድቫንስድ ኦፕሽንስ ፎር ኡቡንቱ» ከሚለው ንዑስ ዝርዝር ነው። አዲስ ከርነል በገባ ቁጥር የተራ ቁጥሩ ስለሚዛነፍ፣ በቁጥር ያስቀመጡት ነባሪ ሳያውቁት ሌላ ከርነል ሆኖ ይገኛል።

የሙከራውን ከርነል ለማስነሳት ደግሞ «ግራብ-ሪቡት» የተባለው ትዕዛዝ አለ። ይህ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚሠራ ምርጫ ነው። ማሽኑ በቀጣዩ መነሳት የሙከራውን ይሞክራል፤ ምርጫውም በዚያው ያበቃል። ከርነሉ መንገድ ላይ ቢቆም የኃይል ቁልፉን ተጭነው ያጠፉታል፤ ሲያበሩት ማንም ምንም ሳይነካ በ6.8 ይነሳል። ሱቁ ውስጥ ከእርስዎ ሌላ ይህን የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ ደንበኛ ተሰልፎ በሚጠብቅበት ሰዓት የዚህ ጥቅም ምን ያህል እንደሆነ አያጡትም።

ከዚያ በኋላ መጫኑ ቀላል ነው፦ ፓኬጆቹ ወደ ወረዱበት ፎልደር ገብተው በ«ሱዶ ዲፒኬጂ -አይ» ይጭኗቸዋል። ከዚያ በፊት «ዲኤፍ -ኤች» ብለው ቡት የተባለው ቦታ በቂ ክፍት ቦታ እንዳለው ይዩ፤ በተለይ ዲስኩን መስጥረው ከጫኑት ቡት ራሱን የቻለ ትንሽ ክፍልፋይ ስለሚሆን ቶሎ ይሞላል። የላፕቶፑ ባትሪም ከግማሽ በላይ የተሞላ ይሁን። መብራት በተቋረጠበት ሰዓት ባትሪውም አልቆ ማሽኑ ኢኒትራምኤፍኤሱን (ከርነሉ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠቀምበትን ፋይል) እየጻፈ ሳለ ቢጠፋ፣ ጎዶሎ ፋይል ይቀራል፤ ከርነሉም ሲነሳ ዋናውን ዲስክ ማግኘት ተስኖት ይቆማል። እንዲህ ከሆነ በ6.8 ተነስተው «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ» ማለት አብዛኛውን ጊዜ የተቋረጠውን ይጨርሰዋል።

ከምንጩ ራሴ ላጠናቅር የሚሉ እንደሆነ ብዙም አላበረታታም። የታመቀው የምንጭ ፋይል ብቻ ከ130 ሜጋባይት በላይ ነው፤ ሲጠናቀር በርካታ ጊጋባይት ይወስዳል፤ ማቀነባበሪያውም ለረጅም ሰዓት በሙሉ አቅሙ ስለሚሠራ በግንቦትና በሰኔ የድሬ ቀትር ላይ ላፕቶፕን እንዲህ ማድከም ምክር አይደለም፤ ካልቀረ ማታ ይሁን። ጊዜ ለማሳጠር ሲባል «ሎካልሞድኮንፊግ» የሚጠቀሙም ልብ ይበሉ፦ የሚጠናቀሩት በዚያች ሰዓት ተጭነው የሚገኙ ሞጁሎች ብቻ ስለሆኑ፣ ያኔ ያልተሰካ ፕሪንተር ወይም ስልክ በአዲሱ ከርነል ላይ ላይታወቅ ይችላል።

የሙከራው ከርነል ሲነሳ ወዲያው ሥራ አይጀምሩበት። «ሱዶ ዲሜሴጅ --ሌቭል=ኧር,ዋርን» ብለው ስህተቶቹንና ማስጠንቀቂያዎቹን ያንብቡ፤ በ6.8 ላይ ከሚታዩት ጋር ካላነጻጸሯቸው ግን ብቻቸውን ብዙ አይናገሩም፤ ደህና በሚሠራ ማሽን ላይም ጥቂት ማስጠንቀቂያ አይጠፋም። ክዳኑን ዘግተው እንዲተኛ አድርገው ይክፈቱት፤ በአዲስ ከርነል ላይ በብዛት የሚሰናከለው ይህ ነው። ዋይፋዩ ከእንቅልፍ መልስ ራሱ መገናኘቱን፣ የስክሪኑ ብርሃን መጨመርና መቀነሱን፣ ፕሪንተሩ ማተሙን ይመልከቱ። ሙቀቱን በ«ሴንሰርስ» ሲለኩ በቀዝቃዛው ጠዋት የለኩት ስለ ቀትር ምንም አይነግርዎትምና ከምሳ በኋላ ይድገሙት፤ የኃይል አስተዳደሩ ኮድ ከስሪት ስሪት ስለሚለዋወጥ የማራገቢያው ድምፅ መለወጡም አንድ ምልክት ነው። ማሽኑ ደርቆ ቆሞ ቢያጠፉት፣ በ6.8 ተነስተው «ጆርናልሲቲኤል -ኬ -ቢ -1» ሲሉ ያለፈው መነሳት የከርነል መልእክቶች ይገኛሉ። በሙከራው ከርነል ሳሉ የዲስኩን የፋይል ሥርዓት አዲስ ባሕርይ የሚጨምር ምንም ዓይነት ትዕዛዝ አይስጡ፤ አሮጌው ከርነል ያን ባሕርይ ካላወቀ መመለሻው ይዘጋል።

ሲጨርሱ የሙከራውን ከርነል ያንሱት። ከኡቡንቱ መደበኛ ምንጭ ስላልመጣ ማዘመኛው አይነካውም፤ የደኅንነት ማስተካከያም አያገኝም፤ ተረስቶ የቀረ አርሲ ለወራት ሊያገለግልና ቀዳዳው የታወቀ ሆኖ ሊኖር ይችላል። በ6.8 መነሳትዎን በ«ዩኔም -አር» ካረጋገጡ በኋላ የጫኗቸውን ፓኬጆች ስም በ«ዲፒኬጂ -ኤል» ፈልገው በ«ሱዶ አፕት ፐርጅ» ያስወግዷቸው። ሴኪዩር ቡትንም አጥፍተው ከሆነ መልሰው ያብሩት።

6.8ን ከፈርምዌሩ ጋር ጭነው ዋይፋዩ አሁንም ካልታየ ደግሞ፣ ወደ ሌላ ከርነል ከመሻገርዎ በፊት «አርኤፍኪል ሊስት» ብለው በቁልፍ ሰሌዳው የተዘጋ መሆን አለመሆኑን ይመልከቱ፤ በዊንዶውስ በኩልም ፈጣን ማስነሻ የተባለውን ያጥፉ፤ እርሱ በበራበት ዊንዶውስ ሲዘጋ ካርዱን በግማሽ እንቅልፍ ትቶት ይሄዳልና። ይህም ካልረዳ የ«ኤልኤስፒሲአይ -ኤንኤንኬ»ን ውጤትና በ«ዲሜሴጅ» ውስጥ «አርቲደብሊው89» የሚል ቃል ያለባቸውን መስመሮች በሙሉ ይላኩልኝ።